ዶክተር ሉዊስ ሊኪ፤ ሥራቸውና ስሕተታቸው

የአንድን ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሁሉ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው በጎውን ሥራ ብቻ እየመረጡ ማወደስ ነው፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ብቻ እየለቀሙ ማውገዝ ነው። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንባቢን ያሳስታሉ። እኛ መምህራን የምንናገረውና የምንጽፈው ነገር በወረቀት ላይ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን በልጆች ልብ የሚታተም ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ ከማንኛውም ጸሐፊ ይልቅ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በማስተምርበት ጊዜ የዶክተር ሉዊስ ሊኪን ስም በክብር ሳላነሣ ያለፍሁበት ዓመት የለም። አንድ ቀን ግን ከዕጩ መምህራኑ አንዱ ስለ ኬንያ የነጻነት ትግል ሲያነብ ይኸው ስም በወቀሳ ተጽፎ ማግኘቱን ገልጾ፥ ሁለቱ አንድ ሰው እንደ ሆኑ ጠየቀኝ። አንድ ሰው መሆናቸውን ነገርሁት። እንግዲያውስ ስለ እኒህ ሰው ለልጆች ምን ብሎ ማስተማር እንደሚገባው በጠየቀኝ ጊዜ ግን ወዲያው የምሰጠው መልስ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልኝ።

ሉዊስ ሲሞር ባዜት ሊኪ የተወለዱት ኦገስት 7 ቀን 1903 ዓ.ም. በናይሮቢ አጠገብ ካቤቴ በሚባል ስፍራ ነው። ናይሮቢ በዚያን ጊዜ ከተማ ሊባል የማይችል፥ ከአራት ዓመት በፊት በባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር የተመሠረተ የቆርቆሮና የድንኳን መንደር ነበረ። አባታቸው ሃሪ ሊኪ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሚስዮናዊ ሲሆኑ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኪኩዩ ቋንቋ በመተርጐም ሥራ ደክመዋል። ልጃቸውም ከኪኩዩ ልጆች ጋራ እየሮጡ፥ እያደኑ፥ ተረትና ምሳሌ እየሰሙ ስላደጉ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው አድርገው ያዙት። ዐሥራ ሦስት ዓመት በሆናቸው ጊዜ ከእኩዮቻቸው ጋራ በኪኩዩ ሥርዓት መሠረት ወደ ጐልማሳነት ማኅበር ገቡ። ራሳቸውንም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ከኪኩዩ ሕዝብ እንደ አንዱ ይቈጥሩ ነበረ። ይህ ነገር የበጎ ሥራቸውም የከባድ ስሕተታቸውም ሥር ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ።

በልጅነታቸው ስለ ጥንት ሰዎች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አንብበው የድንጋይ መሣሪያ ፍለጋ ጀመሩ። በካቤቴ ዙሪያ ውሃ ከሸረሸረው መሬት ላይ የባልጩት ስባሪ እየለቀሙ ያጠራቅሙ ነበረ። ቤተ ሰቦቻቸው እንደ ጨዋታ ቢያዩትም፥ በናይሮቢ የቤተ መዘክር ሹም የነበሩት አርተር ላቭሪጅ ስባሪዎቹን መርምረው ከመካከላቸው በሰው እጅ የተሠሩ መሣሪያዎች እንዳሉ አረጋገጡላቸው። ሹሙ ያን ልጅ ቢያባርሩት ኖሮ የምሥራቅ አፍሪካ ጥንታዊ ታሪክ ምን ያህል በዘገየ ነበረ! የመምህር ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1922 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ተማሪ ሁሉ ሁለት ዘመናዊ ቋንቋዎች እንዲያጠና በሚጠየቅበት የትምህርት ክፍል ኪኩዩን አንዱ ቋንቋቸው አድርገው አቀረቡ፤ ለችሎታቸውም ምስክር ይሆን ዘንድ አንድ የኪኩዩ አለቃ በአውራ ጣቱ ያተመበትን የምስክር ወረቀት አሳዩ። የአፍሪካ ቋንቋ እንደ ቋንቋ በማይቈጠርበት ዘመን ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በእግር ኳስ ዓይነት በሚጫወቱት በራግቢ ጨዋታ ራሳቸውን ተመትተው ትምህርታቸውን ለጊዜው ባቋረጡ ጊዜም በ1924 ዓ.ም. ወደ ታንጋኒካ ሄደው የጥንት እንስሳት አጽም በሚቈፈርበት ሥራ ተሳተፉ፤ የቁፋሮን ጥበብ የተማሩት በዚያ ነው። በ1926 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቀው ወዲያውኑ ወደ ኬንያ ተመለሱ።

በዚያ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት አብዛኞቹ የሰው ዘር መነሻ እስያ ነው ብለው ያምኑ ነበረ። ዳርዊን በ1871 ዓ.ም. አፍሪካ ሊሆን እንደሚችል ቢገምቱም የሚሰማቸው ጥቂት ነበረ። ሊኪ ግን አፍሪካን ትተው ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄዱ የመከሯቸውን ሁሉ ሳይሰሙ በስምጥ ሸለቆ በጊልጊልና በኤልመንቴይታ አካባቢ መቈፈር ጀመሩ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በታንጋኒካ ወደሚገኘው ወደ ኦልዱቫይ ገደል ሄዱ። ከእርሳቸው አስቀድሞ በስፍራው የሠሩት ጀርመናዊው ሊቅ ሃንስ ሬክም አብረው ነበሩ።

ሬክ በ1913 ዓ.ም. በኦልዱቫይ የአንድ ሰው አጽም አግኝተው እጅግ ጥንታዊ ነው ብለው ነበረ። ሊኪ በመጀመሪያ ተጠራጥረው ኋላ ግን አመኑና ይህንኑ ለዓለም አስታወቁ። ይሁን እንጂ አፈሩ በተመረመረ ጊዜ አጽሙ በኋለኛው ዘመን ጉድጓድ ተቈፍሮ በጥንቱ አፈር ውስጥ የተቀበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ1933 ዓ.ም. ሊኪና ሬክ ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ ሆነው ስሕተታቸውን በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ በይፋ አመኑ። ይህን ማድረግ ለወጣት ሊቅ የሚያሳፍር ቢመስልም በእውነቱ ግን ክብር ነበረ።

የሚቀጥለው ፈተና የበለጠ ከበደ። በ1932 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ካናም በሚባል ቦታ አንድ የመንጋጋ አጥንት፥ ካንጄራ በሚባለውም ስፍራ የራስ ቅል ስባሪዎች አግኝተው፥ የዛሬው ሰው ቅድመ አያት በእጅጉ ጥንታዊ መሆኑን ያስረዳሉ ብለው አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት በካምብሪጅ የተሰበሰቡ ሊቃውንትም ተቀበሏቸው። ፐርሲ ቦዝዌል የተባሉ የመሬት ጥናት ሊቅ ግን ስፍራውን በዓይናቸው ሳያዩ አላምንም ስላሉ ሊኪ ራሳቸው ጋብዘው ወሰዷቸው። ቦታውን ለማመልከት የተተከሉት የብረት ችካሎች በአገሬው ሰዎች ተነቅለው ተወስደው ነበረ፤ የተወሰደውም ፎቶግራፍ የሌላ ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ቦዝዌል በ1935 ዓ.ም. ይህን በግልጽ ጻፉ። ሊኪ አላታለሉም፤ ነገር ግን አልተጠነቀቁም። በአእምሮ የሚያስታውሱት ስፍራ ለሌላ ሰው ማስረጃ እንደማይሆን የተማሩት በዚህ ውርደት ነው። የካናም መንጋጋም እርሳቸው ያሉትን ያህል ጥንታዊ እንዳልሆነ በኋላ ሊቃውንት ተስማምተውበታል።

በዚያው ሰሞን ባለቤታቸውን ፍሪዳን ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋራ ትተው የድንጋይ መሣሪያ ሥዕል ትሥል ከነበረችው ከሜሪ ኒኮል ጋራ መኖር ጀመሩ፤ በ1936 ዓ.ም. ፍቺው ጸድቆ ሁለቱ ተጋቡ። በዚህ ምክንያት በካምብሪጅ የነበራቸው ተስፋ ተዘጋ። ይህን የምጽፈው ነውር ለመቈስቈስ አይደለም፤ ሊኪ ወደ ኬንያ ተመልሰው በድህነት የኖሩበትን ምክንያት አንባቢ እንዲያውቅ ነው። ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአለቃ ኮይናንጌና በሌሎች ሽማግሌዎች ርዳታ የኪኩዩን ሕግ፥ ልማድና ሥርዓት መዘገቡ። የዚህ ሥራ ፍሬ በሦስት ቅጽ የታተመው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመንግሥት የስለላ ክፍል ተመደቡ። ከመጀመሪያ ተግባራቸው አንዱ የፋሺስት ኢጣልያን ወራሪ ይዋጉ ለነበሩት ለኢትዮጵያ አርበኞች የጦር መሣሪያ በምስጢር እንዲደርስ ማድረግ ነበረ። ለዚህም የልጅነት ጓደኞቻቸው የሆኑትን ኪኩዩዎች አሰማሩ። ለዚህ ውለታ የእኛ አገር ሰው ሊያመሰግናቸው ይገባል። ሆኖም በዚህ ሥራ ዘመን የተሰወረ ነገር መፈለግና ከእያንዳንዱ ድርጊት በስተጀርባ ምስጢራዊ እጅ ማየት ልማድ ሆነባቸው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በ1945 ዓ.ም. የናይሮቢው የኮሪንደን ቤተ መዘክር ሙሉ ኀላፊ ሆኑ። ነጮች ብቻ ይገቡበት የነበረውን ቤት ለአፍሪካውያንና ለእስያውያንም ከፈቱት። በጃንዋሪ 1947 ዓ.ም. ስለ አፍሪካ ጥንታዊ ታሪክ የሚመክር የመጀመሪያውን መላ አፍሪካዊ ጉባኤ በናይሮቢ አሰናድተው ከብዙ አገሮች ሊቃውንትን ሰበሰቡ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያመሰግናቸው እንጂ የሚወቅሳቸው አይኖርም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ምዕራፍ እንደርሳለን።

ኦክቶበር 20 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ገዢ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። መሬታቸውን በነጭ ሰፋሪዎች የተነጠቁ ኪኩዩዎች ማው ማው በተባለው ንቅናቄ በመሐላ ተሳስረው ተነሥተው ነበረ። በዚያው ሌሊት ጆሞ ኬንያታና ጓዶቻቸው ተያዙ። የገዢው ወገን አስተያየት ይህ ነበረ፤ ሕዝቡ በራሱ ችግር የተነሣ ሳይሆን፥ አንድ የተሰወረ የበላይ አካል በመሐላ አስሮ ያነሣሣው ነው፤ የዚያም አካል ራስ ኬንያታ ነው።

ሊኪ በ1952 ዓ.ም. ስለ ማው ማውና ስለ ኪኩዩ አንድ መጽሐፍ፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ማው ማው ስለሚሸነፍበት መንገድ ሁለተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። የጻፉትን በትክክል ለመመዝገብ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የሕዝቡ ብሶት እውነተኛ መሆኑን መስክረዋል። በ1890ዎቹ ዓመታት ረኃብና ፈንጣጣ ሕዝቡን ባሳደደ ጊዜ ለጊዜው ባዶ የቀረው መሬት እንደ ጠፍ ተቈጥሮ ለነጮች መሰጠቱን አስረድተዋል፤ መንግሥትም የመሬትን፥ የደመወዝን፥ የመኖሪያ ቤትንና የቀለም ልዩነትን ጉዳይ እንዲያሻሽል መክረዋል። ብዙ ሰፋሪዎች በዚህ ይቈጧቸው ነበረ። በሌላ በኩል ግን ንቅናቄው በጥቂት መሪዎች የተቀነባበረ ስውር ሤራ ነው፤ የሕዝቡንም የቀድሞ ሕግ አጣሞ የተሠራ ሐሰተኛ ሃይማኖት ነው ብለው ጻፉ። የጥንቱ የኪኩዩ መሐላ በቀን ብርሃን፥ በምስክር ፊት፥ በፈቃድ የሚፈጸም ሆኖ ሳለ የማው ማው መሐላ በሌሊትና በግድ የሚፈጸም መሆኑን እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ስለ ኬንያታ የተዘመሩትንም መዝሙሮች እየተረጐሙ የእርሳቸውን መሪነት ያረጋግጣሉ አሉ።

የኬንያታና የአምስቱ ጓዶቻቸው ችሎት በዚያው በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ከናይሮቢ ርቆ በሚገኘው በካፔንጉሪያ ተከፈተ። የችሎቱ አስተርጓሚ ሆነው የተመደቡት ዶክተር ሊኪ ነበሩ። የተከሳሾቹ ጠበቃ ፕሪት፥ በጉዳዩ ላይ አስቀድሞ መጽሐፍ ጽፎ አቋሙን ያስታወቀ ሰው ሚዛናዊ አስተርጓሚ ሊሆን አይችልም ሲሉ ተቃወሙ፤ ትርጒሙም ያዘነበለ ነው አሉ። ሊኪ በቊጣ ሥራውን ትተው ወጡ። ይሁን እንጂ የጠበቃው ተቃውሞ በሕግም በኅሊናም የሚደገፍ ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ከሳሽም የቃላት ሚዛንም ሊሆን አይችልም። ኤፕሪል 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ኬንያታ ማው ማውን በመምራት ጥፋተኛ ተብለው ከከባድ ሥራ ጋራ ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ያ ሐሳብ ግን በጊዜ ብዛት በማስረጃ አልጸናም። በችሎቱ ዋና የዐቃቤ ሕግ ምስክር የነበረው ራውሰን ማቻሪያ በ1958 ዓ.ም. በሐሰት መመስከሩንና ጥቅም ተሰጥቶት መሆኑን በመሐላ አረጋገጠ፤ መንግሥት ግን የኋለኛው ቃሉ ሐሰት ነው ብሎ አስቀጣው። ከኬንያታ ጋራ ከታሰሩት መካከል ፍሬድ ኩባይና ቢልዳድ ካግያ ከነጻነት በኋላ በሰጡት ቃል፥ መሐላውን ያስፋፉት እነርሱን የመሰሉ የናይሮቢ ወጣቶችና የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች እንደ ነበሩ፥ ኬንያታም በኦገስት 1952 ዓ.ም. በኪያምቡ በአደባባይ ንቅናቄውን ካወገዙ በኋላ እነርሱ ጠርተው እንዲያቆሙ እንዳስጠነቀቋቸው አስረድተዋል። በ1966 ዓ.ም. ሮዝበርግና ኖቲንግሃም የተባሉ ጸሐፊዎች ባሳተሙት ጥናት የስውር ሃይማኖቱና የአንዱ መሪ ወሬ ራሱ ተረት መሆኑን አሳዩ። ከዚያም ወዲህ የመጡት የታሪክ ሊቃውንት በዝርዝሩ ቢለያዩም፥ ንቅናቄው አንድ ራስ ያልነበረው፥ ከመሬት ማጣትና ከድህነት በየስፍራው የፈለቀ መሆኑን ይስማማሉ።

የስውር ሤራ ሐሳብ ክፋቱ ይህ ነው፤ ተቃራኒውን ማስረጃ ሁሉ ወደ ራሱ ይለውጠዋል። ኬንያታ ዝም ቢሉ ዝምታቸው እንደ ጥፋተኛነት ይቈጠር ነበረ፤ በአደባባይ ቢያወግዙ ደግሞ ቃላቸው ሁለት ትርጒም አለው ይባል ነበረ። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሊኪ ይህን ዓይነት ሙግት ፈጽሞ አይቀበሉም ነበረ። የብረት ችካሉ ከጠፋ በኋላ ስፍራውን አውቀዋለሁ ማለት ማስረጃ እንደማይሆን ከቦዝዌል ተምረው ነበርና። በሰው ነገር ግን ቋንቋውን ማወቄና ሕዝቡን መውደዴ ይበቃኛል አሉ። ዕውቀታቸውም እውነተኛ ነበረ፤ ፍቅራቸውም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ያወቁትና የወደዱት በልጅነታቸው ያዩትን ኪኩዩ ነበረ። መሬቱን አጥቶ በናይሮቢ ሰፈር የሚራበው አዲሱ ትውልድ ከዚያ በተለየ ጊዜ፥ ልጆቹን ያሳሳተ አንድ ሰው መኖር አለበት ብለው ደመደሙ።

የዚህ ሐሳብ ዋጋ በማን እንደ ተከፈለ እኛ መምህራን ሳንመዘግብ ልናልፍ አይገባንም። ኪኩዩዎች ከሚስዮን ተለይተው በገንዘባቸውና በጒልበታቸው ብዙ ነጻ ትምህርት ቤቶች አቋቁመው ነበረ። ለእነዚህም መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ በ1939 ዓ.ም. በጊቱንጉሪ ተመሥርቶ የአለቃ ኮይናንጌ ልጅ ምቢዩ ኮይናንጌ፥ ኋላም ኬንያታ ራሳቸው መርተውታል። መንግሥት የሤራው ጎሬ ናቸው ብሎ በ1952 ዓ.ም. ኮሌጁንና ብዙዎቹን ትምህርት ቤቶች ዘጋ፤ የኮሌጁም ግቢ የቅጣት ስፍራ ሆነ። ሊኪን በጥናታቸው የረዱት ሽማግሌው አለቃ ኮይናንጌም በዚያው ዓመት ተይዘው ብዙ ዘመን በግዞት ኖረው በ1960 ዓ.ም. ሞቱ። በዐዋጁ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በፍርድ ተሰቀሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. በእስረኞች ላይ ግፍ መፈጸሙን አምኖ ለ5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ሁሉ በሊኪ ራስ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገዢው አካል ሐሳቡን ከእርሳቸው መጽሐፍ አልጀመረውም፤ የጠቆሙትን ማሻሻያም ብዙ ጊዜ አልሰማቸውም። ራሳቸውም በሥጋት ላይ ነበሩ፤ በጠባቂ ታጅበው ይኖሩ ነበረ። ዘመዳቸው ግሬይ ሊኪና ባለቤታቸው በ1954 ዓ.ም. በማው ማው ሰዎች እጅ በጭካኔ ተገድለዋል። በእንደዚህ ያለ ኀዘንና ፍርሀት መካከል የሚጽፍ ሰው ሚዛኑ ቢናወጥ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ የሊቅ ስም ለሤራው ወሬ የዕውቀት ካባ አልብሶታል፤ ይህም በደል በእርሳቸው መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የዝናቸው ዘመን ነው። ጁላይ 17 ቀን 1959 ዓ.ም. እርሳቸው በትኩሳት ታመው ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳሉ ወይዘሮ ሜሪ በኦልዱቫይ የጥንታዊ ፍጡር ራስ ቅል አገኙ። ዕድሜውም በአዲስ የመለኪያ ዘዴ ሲመረመር አንድ ሚሊዮን ከሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ዓመት ያህል ሆነ። ሊኪ የድንጋይ መሣሪያዎቹን የሠራው ይህ ፍጡር ነው ብለው ነበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ጆናታን ወደ ሰው የሚቀርብ ሌላ አጽም ባገኘ ጊዜ ግን የቀድሞ ቃላቸውን ለወጡ። በ1964 ዓ.ም. ከፊሊፕ ቶባይስና ከጆን ኔፒየር ጋራ ሆነው ይህን ፍጡር ሆሞ ሃቢሊስ አሉት፤ ትርጒሙም እጀ ብልህ ሰው እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያ ብዙ ሊቃውንት ተቃወሙ፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ። ደግሞም ጄን ጉዶል ቺምፓንዚዎችን፥ ዳያን ፎሲ የተራራ ጎሪላዎችን፥ ቢሩቴ ጋልዲካስ የቦርኒዮ ኦራንጉታኖችን እንዲያጠኑ የላኩና ገንዘብ የፈለጉላቸው እርሳቸው ናቸው። ጄን ጉዶል በ1960 ዓ.ም. ሲላኩ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ሊኪ ያዩት ትዕግሥታቸውን ነበረ።

ኬንያታ በ1961 ዓ.ም. ከግዞት ተፈቱ፤ ኬንያም ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ብዙዎች አዲሱ መሪ በጠላቶቻቸው ላይ ይነሣሉ ብለው ፈርተው ነበረ። ኬንያታ ግን ሊኪን ከአገር አላስወጡም፤ ሥራቸውንም አልከለከሉም። እንዲያውም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናይሮቢን በጐበኙበት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሊኪን በግብዣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ አገናኟቸው። ጃንሆይ በኬንያና በታንጋኒካ የተገኘው ዓይነት አጽም በኢትዮጵያ ያልተገኘበትን ምክንያት በጠየቁ ጊዜ፥ ሊኪ በኦሞ ሸለቆ ቢፈለግ እንደሚገኝ መለሱ፤ ፈቃድም ተሰጠ። በ1967 ዓ.ም. የፈረንሳይ፥ የአሜሪካና የኬንያ ሊቃውንት በኅብረት ወደ ኦሞ ወረዱ። የኬንያው ቡድን መሪ ልጃቸው ሪቻርድ ነበሩ፤ በኪቢሽ አካባቢም የዛሬውን ሰው የሚመስል የራስ ቅል ተገኘ። በ2022 ዓ.ም. በታተመው ጥናት መሠረት ዕድሜው ከ230,000 ዓመት አያንስም። ስለዚህ ለልጆቻችን በኩራት የምናስተምረው የአገራችን ጥንታዊነት አንዱ መንገድ የተጠረገው ያሳሰረ ክስ ደጋፊና የታሰረው ሰው በአንድ ማእድ ከተቀመጡበት ግብዣ ነው።

በመጨረሻ ዘመናቸው ሊኪ እንደ ገና ተሳሳቱ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ ካሊኮ በሚባል ስፍራ የተገኙትን የተሰባበሩ ድንጋዮች እጅግ ጥንታዊ የሰው ሥራ ናቸው ብለው ተከራከሩ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ተፈጥሮ የሰበረቻቸው ናቸው አሉ። ወይዘሮ ሜሪም በዚህ ምክንያት ለባለቤታቸው ዕውቀት የነበራቸውን አክብሮት አጡ። ሊኪ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ኦክቶበር 1 ቀን 1972 ዓ.ም. በሎንዶን በልብ ሕመም ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ ኬንያ ተመልሶ በሊሙሩ በወላጆቻቸው አጠገብ ተቀበረ። ዛሬ በናይሮቢ ቤተ መዘክር ግቢ የድንጋይ መሣሪያ ይዘው የተቀመጡበት ሐውልት ይታያል፤ በዚያችው ከተማ መካከል ደግሞ የኬንያታ ሐውልት ቆሟል። ከተማይቱ ሁለቱንም ይዛለች።

እንግዲህ ለዚያ ዕጩ መምህር የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ስለ ሊኪ በሚያስተምርበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን በተራ ያቅርብ፤ በመጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳሉ፥ ቀጥሎ በምን ማስረጃ እንዳሉት፥ በመጨረሻም በኋላ የተገኘው ማስረጃ ምን እንዳሳየ። ስለ ኦልዱቫይ ያሉት በዚህ ሚዛን ሲመዘን ይጸናል፤ ስለ ካናም፥ ስለ ካሊኮና ስለ ኬንያታ ያሉት አይጸናም። የኦልዱቫይ ክብር የካፔንጉሪያን ስሕተት አይሸፍንም፤ የካፔንጉሪያም ስሕተት የኦልዱቫይን አጽም ሐሰት አያደርገውም። እያንዳንዱ ቃል በገዛ ማስረጃው ይቆማል ወይም ይወድቃል። እንዲህ ያለው አቀራረብ ለሚያከብሯቸውም ለሚጠሏቸውም ደስ አይል ይሆናል፤ ተማሪው ግን ራሱ እንዲመዝን ያስችለዋል።

በተለይ እኛ ይህን ሕይወት ልናስብበት የሚገባ ምክንያት አለን። በየዓመቱ መጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ጠባይ በመዝገብ ላይ ጥቂት ቃላት እንጽፋለን። ክፍሉ በተረበሸ ጊዜም ሁሉን የሚያነሣሣ አንድ ስውር መሪ አለ ብለን ለማሰብ እንቸኩላለን፤ ልጆቹንም ስለምናውቃቸውና ስለምንወዳቸው የማንሳሳት ይመስለናል። እኔ ራሴ ሁከት ባየሁበት ክፍል ችግሩን ሳልጠይቅ አንድ ልጅ ጠርቼ የሁሉ ምክንያት ያደረግሁበት ጊዜ ነበረ። ልጁ ጥፋት እንዳልነበረበት ያወቅሁት መዝገቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው። ዶክተር ሊኪ በድንጋይና በአጽም ላይ ከተሳሳቱት አንዳንዱን በሕይወታቸው ሳሉ ማረም ችለዋል፤ በሰው ላይ የጻፉትን ግን ያረሙት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ብዕራችንን በልጅ ስም ላይ ከማሳረፋችን በፊት የምናውቀውንና የምንጠረጥረውን ለይተን እንጻፍ።